መርገጫው መሬት ነው እንዴ?

ውድ እታለም፣

መጀመሪያ እንዳትደነግጪ፦ እማዬ ደህና ናት። ደብዳቤ ሲደርስሽ ፖስታውን ሳትከፍቺ ክፉ ክፉውን እንደምታስቢ ስለማውቅ ነው ይህን ያስቀደምኩት። ይሄን ስጽፍልሽ እሷ ከጎን ባለው ክፍል ሆና ከሬዲዮኑ ጋር ትከራከራለች፤ ዛሬ ዝናብ የለም ያለውን ሰውዬ አላመነችውም። ጠዋት ብቻዋን ዳቦ ገዝታ መጥታለች። ደረጃውን ወርዳ፣ ደረጃውን ወጥታ። አዎ፣ ያንኑ ደረጃ።

ልነግርሽ የፈለግኩትን ነገር በስልክ ብዙ ጊዜ ሞክሬው ነበር። ስትደውዪ ግን «ደህና ናችሁ? እስቲ እማዬን አገናኚኝ» ትያለሽ፤ እኔም እንደተገላገለ ሰው ስልኩን አቀብላለሁ። ስምንት ወር እንዲህ እየተባባልን አለፈ። ነገሩን ካወቅሽ በኋላ ጭራሽ ስልኩንም ላታነሺልኝ ትችያለሽ። ቢሆንም ከኔ አፍ መስማት አለብሽ፤ እማዬም «እኔ አልነግርልሽም» ብላ እቅጩን ነግራኛለች።

የወደቀች ዕለት እቤት የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ይሄን ታውቂያለሽ። የማታውቂው፣ ከታች በር ላይ ቆሜ «እማዬ ቶሎ በይ እንጂ፣ ረፈደብኝ!» እያልኩ ስጮህባት እንደነበር ነው። ለስፌት ደንበኛዋ በመንገዴ ላይ የማደርስላትን የጨርቅ ጥቅል በሁለት እጇ ታቅፋ፣ ከፊቷ ያለውን ሳታይ ወረደች። እግሯ ከዳት። የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁት፣ እታለም። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ሰው በር ሲዘጋ እንኳ እደነግጥ ነበር።

ቀዶ ጥገናው አልቆ፣ አንቺም ከአውቶቡስ እንደወረድሽ ሮጠሽ እሷ ጋ ገብተሽ ሳለ፣ ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ አንዲት ወረቀት ሰጠኝ። ቅልጥሟ ውስጥ ብረት ገብቷል፣ ብረቱ ይይዛታል፤ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በክራንች እየታገዘች እግሯ ላይ ትንሽ ትንሽ ክብደት ታሳርፍ፣ በየሳምንቱ ትጨምር ይላል። በሚነበብ የእጅ ጽሑፍ ነበር፤ አልገባኝም ማለት አልችልም። ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። ከዚያ ገባሁና፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ «ሦስት ወር እግሯን መሬት እንዳታስነካ ብሏል» አልኳችሁ። ሦስት ወር የሚለውን ከየት እንዳመጣሁት እስከዛሬ አላውቅም።

ለምን ብትዪኝ፣ ፈራሁ። በኔ ጥድፊያ አንዴ ተሰብራለች፤ ዳግመኛ ከምትሰበር ዕድሜ ልኳን ብትተኛ መረጥኩ። ሌላ ምክንያት ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁም።

ቀጥሎ የሆነውን አንቺም ነበርሽበት። አንቺ ቀኑን ሙሉ ልጆች ስታሯሩጪ የምትውይ የስፖርት አስተማሪ ነሽ፤ ተኝቶ የሚውል ሰው ስታዪ ያሳክክሻል። በአሥራ አራተኛው ቀን ትዕግስትሽ አለቀና «እማዬ፣ ዝም ብሎ መተኛት ያደክማል እንጂ አያድንም፤ ተነሺ» ብለሽ ብብቷ ስር ገባሽ። እማዬም ጥርሷን ነክሳ ግማሽ ድረስ ተነስታ ነበር። እኔ ከሥራ የገባሁት በዚያች ቅጽበት ነው።

«ልቀቂያት! ልትገድያት ነው?»

«ምን አደረግኳት? ቀስ ብላ እኮ ነው የተነሳችው።»

«ሐኪሙ ያለውን አልሰማሽም? ደግማ ብትሰበር የሚያስታምማት ማነው? አንቺማ ነገ ትሄጃለሽ!»

ፊትሽ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። ቀስ ብለሽ አስተኛሻት፣ ብርድ ልብሱን አለበስሻት፣ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለሽ «ይቅርታ እማዬ፣ ባለማወቅ ልጎዳሽ ነበር» አልሻት። ትክክለኛዋ አንቺ ሆነሽ ሳለ ይቅርታ የጠየቅሽው አንቺ ነሽ። እኔ እዚያው በር ላይ ቆሜ ነበር፣ ወረቀቷም ትከሻዬ ላይ በተንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ ነበረች። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። በማግስቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ስትሄጂ እንኳ «ቻው» ከማለት በቀር አፌን አልከፈትኩም።

አሁን የምነግርሽን ስትሰሚ መሳቅ ይፈቀድልሻል። እኔ ለመሆኑ ምን ሠርቼ ነው የማድረው? ላለፉት ስድስት ዓመታት «ላቦራቶሪ ነው የምትሠራው» እያልሽ ለሰው ታወሪያለሽ እንጂ ምን እንደምሠራ ጠይቀሽኝ አታውቂም፤ እኔም አስረድቼሽ አላውቅም። እታለም፣ ሥራዬ የአጥንት ሴሎችን መርገጥ ነው።

እውነቴን ነው። አጥንት እንደ ድንጋይ የሞተ ነገር ይመስለናል እንጂ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ሲፈርስ ሲገነባ ይኖራል። አንዱ ዓይነት ሴል አሮጌውን እየበላ ያፈርሳል፣ ሌላው አዲስ ይገነባል። ሦስተኛዎቹ ደግሞ እዚያው አጥንቱ ውስጥ በጠባብ ጉድጓድ ተቀብረው፣ ክር የመሳሰሉ እጆቻቸውን ዘርግተው ይኖራሉ። ሰው መሬት ሲረግጥ አጥንቱ በዓይን በማይታይ ልክ ይጎብጥና በውስጡ ያለው ፈሳሽ ይንቀሳቀሳል፤ እነዚህ የተቀበሩት ያ ፈሳሽ ሲያልፍባቸው ይሰማቸዋል። «ይሄ አጥንት ይፈለጋል፣ ገንቡ» ብለው መልእክት ያስተላልፋሉ። የሚረግጥ ሲጠፋ መልእክቱ ይቆማል፤ አፍራሾቹ ግን ሥራቸውን አያቆሙም።

እኛ ይሄንን የምናጠናው እንደ ሰፍነግ ያለ ቀዳዳ ቀዳዳ ነገር ላይ ሴሎቹን አሳድገን ነው። ግማሾቹን «ረጋጯ» ብለን የምንጠራት ማሽን ስር እናስገባቸዋለን፤ ቀስ ብላ ትጫናለች፣ ትለቃለች፣ ትጫናለች፣ ትለቃለች። ግማሾቹን ለማወዳደሪያ ሳንነካ እንተዋቸዋለን። እኔ ነኝ የማበላቸው፣ ውሃቸውን የምለውጥላቸው፣ ማሽኗን የማስነሳው። ቀኑን ሙሉ ሴሎቹ እንዲጠነክሩ ስረግጣቸው እውልና፣ ማታ እቤት ገብቼ እናቴን እንደ እንቁላል በትራስ ደግፌ አስተኛለሁ። ሁለቱ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተዋውቀው አያውቁም።

ያስተዋወቋቸው ፕሮፌሰሯ ናቸው። ሦስተኛው ወር ሊያልቅ ሲል፣ ከማይክሮስኮፑ የወጡ ሁለት ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አሳዩኝ። የተረገጡት ዙሪያቸውን በአዲስ አጥንት ሞልተውታል፤ ያልተነኩት ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል። «ቆንጆ ነው፣ እጅሽ ይባረክ» አሉኝና መነጽራቸውን እያወለቁ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል «እናትሽስ? መራመድ ጀመሩ?» አሉ።

«አይ፣ ገና ነች። ተኝታለች።»

«እስካሁን? አጥንቱ አልያዘም አሉ?»

«አይ… እንዳትረግጥ… ማለት…»

ፕሮፌሰሯ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ፎቶውን፣ ከዚያ እንደገና እኔን አዩኝ።

«ሌላ ሰው ቢያደርገው አይገርመኝም» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺ?»

አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ሽንት ቤት ሮጥኩና ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ያልተነካውን ፎቶ ሳስታውስ የማየው የእማዬን ቅልጥም ነበር።

ከዚህ በኋላ ልብ ገዝታለች ብለሽ እንዳታስቢ። ታውቂኝ የለ፣ ካጠፋሁ አይቀር ሁለቴ ነው። በዚያው ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ፣ ክራንቹን ከቁም ሳጥን ስር ጎትቼ «እማዬ፣ ተነሺ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንራመዳለን» አልኳት። ለማሽኗ እንደማደርገው ሰዓትና ልክ ያለበት ሰንጠረዥ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ያለፈውን ሦስት ወር በአንድ ሳምንት ልመልስላት ነበር ሐሳቤ። ከመኝታ ቤት እስከ በር፣ ከበር እስከ መኝታ ቤት አመላለስኳት፤ «ትንሽ ልረፍ» ስትለኝ «አንዴ ብቻ፣ አንዴ ብቻ» አልኳት። በማግስቱ እግሯ አብጦ የሌሊት ልብሷን ወጥሮታል። እማዬ አላማረረችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ይሄን ለፕሮፌሰሯ ስናገር ደግሞ ሳቁብኝ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ የሠራሁትን አስታወሱኝ። መብራት ተቋርጦ ማሽኗ ሁለት ቀን ቆማ ነበር፤ እኔ ሆዬ የባከነውን ለማካካስ ብዬ በሦስተኛው ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ዕረፍት አስረገጥኳት። ሴሎቹ ዝም አሉ፤ ከሳምንት በኋላ ብናያቸው ካልተረገጡት በምንም አይሻሉም ነበር። «ሴሉ የሚሰማሽ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት እርምጃዎች ነው» አሉኝ ፕሮፌሰሯ፣ «ከዚያ ይሰለቸዋል። ዕረፍት ስጪው፣ እንደገና ይሰማሻል። ትንሽ መርገጥ፣ ማረፍ፣ ትንሽ መርገጥ። በይ አሁን ሴሉን ተዪና ሐኪም ጋ ውሰጃት!»

እኔ የፈራሁት ይሄንኑ ነበር፤ ሐኪሙ ጋ መሄድን። የስድስት ሳምንቱን ቀጠሮ «ሐኪሙ የለም ተባልኩ» ብዬ ነው ያሳለፍኩት፤ ይህም ውሸት ነበር። አሁን ግን እግሯ አብጧል፣ ማምለጫ የለኝም። ወሰድኳት።

ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ረጅም ጊዜ አየው። እግሯን ዳሰሰ፣ ጡንቻዋን ጨመቅ ጨመቅ አደረገና «ዕብጠቱ ከድካም ነው፣ ይቀንሳል» አለ። ከዚያ ወደ እማዬ ዞረ።

«እቤት ምን ይሠሩ ነበር፣ እናቴ?»

«ምንም። ተኝቼ ነበር» አለች እማዬ፣ ጣሪያውን እያየች።

«የተኛ ሰው እግር አይደለም ይሄ። የተኛ ሰው ጡንቻ በሦስት ወር ያልቃል። አጥንቱም ከፈራሁት በላይ ይዟል።»

«እኔ እንጃ። እግዜር ነዋ።»

«እማዬ!» አልኩ እኔ።

ጣሪያውን ለቃ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ሐኪሙን። «እንዲያው ትንሽ ትንሽ ስፌት» አለች።

እንዲህ ነበር ነገሩ፣ እታለም። እኔ ጠዋት በሩን ዘግቼ ስወጣ፣ ፎቅ ላይ ያሉት ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡት የስልክ ኦፕሬተር፣ ይመጣሉ። በሩን የሚከፍቱት አንቺ ስትሄጂ በተውሽላቸው ቁልፍ ነው። ጎማ ያለው ወንበሯን እየገፉ የስፌት መኪናው ጋ ያደርሷታል። እማዬ ሁለት እግሯን መርገጫው ላይ ታሳርፍና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ኮሌታ ትሰፋለች። አንድ ኮሌታ ትረግጥና ታቆማለች፤ ታዞራለች፣ ክሩን ትቆርጣለች፣ ሴትየዋ ሲያወሯት ታዳምጣለች፣ ከዚያ ሌላ ኮሌታ። እኔ ከመድረሴ በፊት መኪናው ይሸፈናል፣ ኮሌታው ፍራሹ ስር ይገባል፣ እሷም አልጋዋ ላይ ትቃትታለች። ብርድ ልብሷ ላይ ነጭ ክር እየለቀምኩ «አሮጌ ነው፣ ይበጣጠሳል» እል የነበርኩት እኔ ነኝ!

«እማዬ! እግርሽን መሬት እንዳታስነኪ አልተባልሽም?»

ኮስተር ብላ ተቀመጠች። «መሬት አላስነካሁም። መርገጫው መሬት ነው እንዴ?»

ሐኪሙ እስኪበቃው ሳቀ። ትንሽ ሲረጋጋ፣ መርገጫው ብቻውን አጥንቱን አዳነው ማለት እንደማይቻል ነገረን፤ ብረቱም አለ፣ የተፈጥሮ ነገርም አለ፣ ዕድልም አለ። «ግን እግርዎ ሥራ እንዳልፈታ ያስታውቃል፣ ይሄ መቼም ጠቅሟል» አላት። ቀጥሎም፣ እኔ የጠበቅኩት ጥያቄ መጣ። «ቆይ፣ ለመሆኑ እንዳይረግጡ የከለከለዎት ማነው?»

«እርስዎ ነዎታ፣ ዶክተር።»

«እኔ?»

እማዬ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። ቦርሳዬን ከፈትኩና ጠርዟ የነተበችውን ወረቀት አውጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። መነጽር አላደረገችም፤ ማንበብም አላስፈለጋትም።

በታክሲ ተመለስን። እቤት ገብተን ጫማዋን ሳወልቅላት እጇን ጭንቅላቴ ላይ አሳረፈች። «ፈርተሽ ነው» አለችኝ። «እኔ እናትሽ ነኝ፣ ገብቶኛል፤ አልፌዋለሁም። እህትሽ ግን እኔን ልትሰብረኝ የነበረች መስሏት ነው ከዚህ ቤት የወጣችው። ስልክ በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ እግሬ ነው። ሄደሽ ይህን ከላይዋ አንሺላት።» ከዚያን ቀን ወዲህ አምስት ወር ሆነ። አምስት ወር ሙሉ ጀምሬ የቀደድኩት ወረቀት ቢሰበሰብ ሌላ ፍራሽ ይወጣዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ደስ የሚል ነው፤ ስለዚህ በችኮላ አልጽፈውም። ፊዚዮቴራፒስቱ የሰውነት ሚዛን ግዙ አለን። እማዬ በክራንቹ ተደግፋ የታመመ እግሯን ሚዛኑ ላይ ታሳርፍና፣ ቀስቷ አሥራ አምስት ኪሎ እስክትደርስ ትጫናለች። እግሯ አሥራ አምስት ምን ያህል እንደሆነ እንዲለምድ ነው። መጀመሪያ ቀን ሰባት ላይ ቆመች። «ሰባት ኪሎ ሽንኩርት ተሸክሜ አውቃለሁ፣ ይሄን ያህል አይከብድም፤ ሚዛናችሁ ቀጣፊ ነው» አለች። በሳምንቱ አሥራ አምስት፣ ቀጥሎ ሃያ፣ ሃያ አምስት። እኔ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ቁጥሩን አነብላታለሁ። አንዳንዴ «ሠላሳ ገባሽ!» ብዬ ስጮህ፣ ጎረቤታችን ከላይ ሆነው ወለሉን እየመቱ ያጨበጭቡልናል። ጠዋት ትንሽ፣ ረፋድ ላይ ትንሽ፣ ከሰዓት ትንሽ፣ በመካከሉ ኮሌታ። ያን ሰንጠረዤን ቀድዳ የስፌት ልክ ጻፈችበት።

መጀመሪያ አንዱን ክራንች ተወች፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ለትንሽ ጊዜ በዱላ ሄደች፤ አሁን ዱላው በር ጀርባ ነው፣ ጃኬት ይሰቀልበታል። ሲበርድ ታነክሳለች፣ ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ከእንግዲህ ይበቃኛል። ባለፈው ሳምንት የተነሳው ራጅ ላይ ስብራቱ የነበረበት ቦታ ወፍሮ፣ ዙሪያውን በአዲስ አጥንት ተከቦ አየሁት። ሐኪሙ ቀስ በቀስ እየተስተካከለ ይሄዳል አለ፤ ሴሎቹ የበዛውን እየበሉ፣ የጎደለውን እየሞሉ። እኔ ይህን በማይክሮስኮፕ ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ደስ ብሎኝ ያለቀስኩት ግን የዚያን ቀን ነው።

እታለም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። እማዬን አልጎዳሻትም። በዚያ ቤት ውስጥ ባለማወቅ ያጠፋሽው አንቺ አልነበርሽም፤ አውቄ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይህን ያህል ወር ያልሠራሽውን ጥፋት አሸክሜሽ ከረምኩ። ብትቆጪ እውነትሽን ነው፤ ተቆጪ። ዝም ብቻ አትበዪኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ እንሳፈራለን፤ ስድስት ሰዓት ገደማ እናንተ ጋ ይደርሳል። ሐሳቡ የእሷ ነው፤ «ቆሜ እንድታየኝ እፈልጋለሁ» ብላ ነው። የአውቶቡሱ ደረጃ ከፍ ያለ ነው። ትናንት መነኻሪያ ሄጄ በስንዝር ለክቼዋለሁ፤ ሾፌሩ ዕቃ የጠፋብኝ መስሎት አብሮኝ ሲፈልግ ነበር። እማዬ ይህን ሰምታ እስካሁን ትስቅብኛለች።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። በሩ ሲከፈት ሮጠሽ አትደግፊያት። ብረቱን ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ ራሷ ትውረድ። ቅር እንዳይልሽ፤ እኔም ከኋላዋ ሆኜ እጄን ኪሴ ውስጥ እይዛለሁ። ሁለት እግሯ መሬት ሲነካ ያኔ እቀፊያት። እኔ ሻንጣዋን ይዤ በሩ ላይ እቆማለሁ። ነይ ካልሽኝ እወርዳለሁ። ካላልሽኝ፣ ሻንጣውን አቀብዬሽ በዚያው አውቶቡስ እመለሳለሁ፤ አልቀየምሽም። እሷን ግን ደስ እስኪላት ድረስ አቆዪያት።

መልስሽን ቅዳሜ ከፊትሽ የማነብ፣
ታናሽሽ

እማዬ አሁን መጥታ ደብዳቤውን ከላይ እስከታች አነበበችው። «ጥሩ ነው፣ ግን መጨረሻውን አላውቅልሽም» አለችና ይህን በኔ እጅ አጻፈችኝ፦ «ልጄ፣ ሻንጣው የአንቺ መጋረጃ፣ የተማሪዎችሽ ዩኒፎርም፣ ሁለት ጥቅል ጨርቅም አለበት። ለአንድ ሰው ይከብዳል። አንዱን እጀታ አንቺ ያዢ፣ አንዱን እሷ ትያዝ። እኔ ከፊታችሁ እሄዳለሁ።»